የስድስት ኪሎ አንበሶችና የእንጦጦ ብርድ

አንበሳ ሲነሣ በብዙ ሰው አእምሮ የሚመጣው ሞቃት ሜዳና ቢጫ ሣር ነው። በኢትዮጵያ ግን በሰው እጅ የኖረው አንበሳ አብዛኛውን ዘመኑን ያሳለፈው በደጋ፣ በጭጋግና በውርጭ መካከል ነው። ነገሥታቱ መናገሻቸውን ከፍ ባለ ስፍራ ይቆረቁሩ ስለነበር፣ የሥልጣናቸው ምልክት የሆነው አውሬም አብሯቸው ዳገት ወጥቷል። የዚህ ልማድ የመጨረሻው ትልቅ ማረፊያ በሰሜን አዲስ አበባ፣ ከጉለሌ ዳገቶች ግርጌ በስድስት ኪሎ የተሠራው አንበሳ ግቢ ነው። የግቢው ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው ከዘውዱ ጋር ተያይዞ ነው። ከአየሩ ጋር ተያይዞ ሲታይ ግን ሌላ ነገር ይገልጣል፤ አንበሳውን የፈተነው ብርዱ ብቻውን አልነበረም፤ ብርዱ ከእርጥበት፣ ከጠባብ ወለልና ከጎደለ ቀለብ ጋር ሲገጥም ነበር።

አንበሳን በቤተ መንግሥት ማኖር ረጅም ዕድሜ ያለው ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር መጥቶ ስድስት ዓመት በአገሪቱ የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ዐፄ ልብነ ድንግል ሲጓዙ አራት አንበሶች በጠንካራ ሰንሰለት ታስረው አብረው ይሄዱ እንደነበር ጽፏል። የዚያ ዘመን መናገሻ ድንኳን ነበርና አንበሳውም ቋሚ ቤት አልነበረውም። በጋውን ከሰፈር ወደ ሰፈር ይነዳል፤ ክረምት ሲገባ ሠራዊቱ ባረፈበት ይከርማል። በሰንሰለት ላለ አውሬ የከፋው ወቅትም ይኸው ነው። ዝናብ ሲመጣ ጥግ መያዝ፣ ነፋስ ሲመጣ ፊቱን ማዞር፣ ፀሐይ ስትወጣ ወደ ፀሐይ መሄድ አይችልምና፣ ዱር ያለ አንበሳ በራሱ የሚያደርገውን ሁሉ ሌላ ሰው ሊያደርግለት ይገባል።

ጎንደር ቋሚ ከተማ ከሆነች በኋላ አንበሳው ግንብ አገኘ። በፋሲል ግቢ ውስጥ የአንበሳ ቤት ዛሬም ለጎብኚ ይታያል። ድንጋይ ነፋስ ይከለክላል፤ ነገር ግን ቀን ፀሐይ ካልገባበት ቅዝቃዜውንና እርጥበቱን ይዞ ያድራል። ይህ የግንብ ቤት ድክመት ከጎንደር በኋላም በሌሎች ከተሞች የአንበሳ ቤቶች ላይ ተደግሟል። ዐፄ ቴዎድሮስ ደግሞ ለማዳ አንበሶችን ከአጠገባቸው አስቀምጠው እንግዳ ይቀበሉ እንደነበር ጊዮም ለዣንን የመሰሉ የዘመኑ አውሮፓውያን ጽፈዋል። አንበሳው በእነዚህ ሁሉ ዘመናት የሚፈለገው ለዕይታ ነበር። ቤቱም የሚሠራው እንግዳው የሚያይበትን አቅጣጫ ታስቦ ነው፤ ዝናቡና ነፋሱ የሚመጡበት አቅጣጫ ሁለተኛ ጉዳይ ነበር።

የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በ1870ዎቹ ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ሲሰፍሩ መናገሻው ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ወጣ። ተራራው ለጠላት አስቸጋሪ በመሆኑ ተመርጦ ነበር፤ ለኑሮ ግን ከባድ ሆነ። ብርዱ፣ ነፋሱና የማገዶው እጥረት ሰዉን አስመርሮት እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍልውሃ ወረዱና በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። የጉለሌ ኦሮሞዎች መሬት የነበረው የተራራው ግርጌም ቀስ በቀስ የከተማው ሰሜናዊ ክፍል ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመጣው ባሕር ዛፍ የማገዶውን ችግር አቃለለ፤ የእንጦጦን ጎን ሸፍኖም የአካባቢውን መልክ ለወጠ። ሰው እንጦጦን የሸሸው ከብርዱ የተነሣ መሆኑ መዘንጋት የለበትም፤ አንበሶቹ ከስድሳ ዓመት በኋላ የተሰጣቸው ቦታ ከዚሁ ተራራ ሥር ነውና።

በዚያ ዘመን እንስሳ ከሸዋ ወደ ብርዳም አገሮችም ይሄድ ነበር። ምኒልክ ገና ንጉሠ ሸዋ ሳሉ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ዡል ግሬቪ አንድ የሜዳ አህያ በስጦታ ልከው፣ የፓሪስ ተመራማሪው ኤሚል ኡስታሌ እ.ኤ.አ. በ1882 እንስሳውን አዲስ ዝርያ ነው ብሎ በፕሬዚዳንቱ ስም ሰይሞታል። ራስ ተፈሪ መኰንን እ.ኤ.አ. በ1924 አውሮፓን ሲጎበኙ ደግሞ አንበሶችን ይዘው ሄደው ለፈረንሳይ መሪዎች፣ ለፓሪስ የእንስሳት ማቆያና ለእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ አበርክተዋል። እነዚያ አንበሶች የገቡት በረዶ ወደሚጥልበት ክረምት ነው።

አውሮፓውያን በዚህ ረገድ ትምህርቱን ያገኙት ብዙ እንስሳ ከሞተባቸው በኋላ ነው። በለንደን ግንብ አንበሶች ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በጠባብ ክፍል ታስረው ኖረዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተከፈቱት የእንስሳት ማቆያዎች ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ሄዱ፤ አንበሳ የሙቅ አገር እንስሳ ነው በሚል እምነት በምድጃ የሚሞቅ ዝግ ቤት ውስጥ ቆለፉበት። ቤቱ ሞቀ፤ አየሩ ግን ተበከለ፤ የሳንባ በሽታም ተስፋፋ። ይህን አሠራር በግልጽ የሰበረው የሐምቡርጉ እንስሳ ነጋዴ ካርል ሃገንቤክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 በስቴሊንገን በከፈተው ግቢ አንበሶችን ያለ ብረት ፍርግርግ፣ በቦይ በተከለለ ሜዳ ላይ በክረምትም በበጋም አወጣቸው። ከነፋስ የተከለለ ደረቅ ማደሪያ፣ የሚንቀሳቀሱበት ሰፊ ቦታና በቂ ሥጋ ካገኙ ብርዱን እንደሚለምዱት አሳየ። የእርሱ አሠራር በሌሎች ከተሞች ሲወሰድ አንበሳን ከብርድ የማዳን ሐሳብም ተለወጠ፤ ጥያቄው ቤቱን ምን ያህል ማሞቅ ይገባል ከሚለው ወጥቶ እንስሳው ደርቆና ተንቀሳቅሶ እንዲውል ምን ይደረግ ወደሚለው ዞረ።

የሃገንቤክ ውጤት ምክንያት አለው። ትልቅ ገላ ሙቀት የሚያመነጨው በክብደቱ መጠን፣ ሙቀት የሚያጣው ደግሞ በቆዳው ስፋት መጠን ነው። ወንድ አንበሳ ከ150 እስከ 225 ኪሎ ይመዝናል፤ ስለዚህ ከገላው ብዛት ጋር ሲነጻጸር ለአየሩ የሚጋለጠው ቆዳው ጥቂት ነው። በዚህ ላይ ብርድ ሲሰማው ይኰማተራል፤ ከወገኖቹም ጋር ተጠጋግቶ ይተኛል። ባሌ ተራሮች ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ አንበሳ የታየው በዚህ አቅሙ ነው። ጸጉሩ ግን አጭር ነው፤ እንደ ዘመዱ እንደ ሳይቤሪያው ታይገር ውስጠኛ ወፍራም ጸጉር የለውም። አጭር ጸጉር ሲርስ በውስጡ የያዘው አየር ይወጣና ከለላነቱ ይቀራል። ደረቅ አንበሳ የሚቋቋመውን ብርድ የረጠበ አንበሳ የማይቋቋመው በዚህ ምክንያት ነው።

በትንንሾቹ አዳኞች ዘንድ ነገሩ ይከፋል። ጭልፊትና ንስር በሚያረቡ ብርዳም አገሮች ከክረምት በፊት የሚደረገው ዝግጅት ጥብቅ ነው። የወፉ ክብደት እየተመዘነ ከፍ ይደረጋል፤ መቆሚያው በነፋስ መከላከያ ይጋረዳል፤ ጣሪያው ይፈተሻል፤ የመጠጫ ውሃ እንዳይረጋ በየጊዜው ይለወጣል። ክብደቱ ጥቂት መቶ ግራም የሆነ ወፍ አንድ ብርዳም ሌሊት ብቻ ያከማቸውን ስብ ሊጨርስበት ይችላል። ከሞቃት አገር የመጣ ወፍ ደግሞ በእርጥብ ብርድ የክንፉ ጫፍ አብጦ ሊደርቅና ሊወድቅ ይችላል፤ ወፍ አርቢዎች እንዲህ ያሉትን ወፎች ሌሊት ወደ ቤት የሚያስገቡት ለዚህ ነው። በዱር ያሉት የራሳቸውን መፍትሔ ያውቃሉ። በሩሲያ፣ በካዛኪስታንና በሞንጎሊያ ሜዳዎች የሚፈለፈሉ ንስሮች በዚያ በረዶ ሲወርድ ወደ ኢትዮጵያ ደጋዎች ይመጣሉ፤ በእንጦጦ ሰማይ ከኅዳር እስከ የካቲት ከአገሬው ጥንብ አንሣና ጭላት ጋር ሲያንዣብቡ ይታያሉ። ለእነርሱ የጉለሌ ብርድ መሸሸጊያ ነው። የታሰረ እንስሳ ግን መሸሽ አይችልምና የሚሸሸግበትን ጠባቂው ያዘጋጅለታል። ለወፉም ለአንበሳውም ሕጉ አንድ ነው፤ ቀለብ ይጨመራል፣ ነፋስ ይከለላል፣ መኝታ ይደርቃል።

የጉለሌ ብርድ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሁለት መልክ ይመጣል። የመጀመሪያው የክረምቱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ደመናው ፀሐይን ይጋርዳል፤ በሐምሌና በነሐሴ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ከ20 ወይም ከ21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እምብዛም አያልፍም። ሌሊቱ እጅግ አይቀዘቅዝም፤ ነገር ግን ሳምንታት ሙሉ የረጠበ ነገር አይደርቅም። ሁለተኛው የበጋው ብርድ ነው። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቃለች። በኅዳርና በታኅሣሥ የከተማው ዝቅተኛ ሙቀት በአማካይ ወደ 7 እና 8 ዲግሪ ይወርዳል። ከፍታ በ100 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ እንጦጦ ጫፍ ላይ ከስድስት ኪሎ በሦስትና በአራት ዲግሪ ይከፋል፤ ሣሩም ማለዳ በውርጭ ነጥቶ ይገኛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ በመሆኑ ሌሊት የተራራውን ጎን ይዞ በወንዞቹ ሸለቆ ወደ ታች ይንሸራተታል። በተራራው ግርጌ ያለ ሰፈር ሁሉ ጎሕ ሲቀድ የሚሰማው ሹል ብርድ ይህ ነው። ረፋድ ላይ ግን ፀሐይዋ ስለምትበረታ እንስሳው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከብርድ ወደ ሙቀት ይሸጋገራል።

አንበሳ ግቢ የተሠራው እዚህ አየር ውስጥ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው መንግሥታቸውን ካጸኑ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ማቆያውን አቋቋሙ። የተመረጠው ስፍራ ከአራት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳና ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ጎዳና ላይ፣ ከገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አጠገብ ነው። በስድስት ኪሎ አደባባይ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የተጀመረውን ጭፍጨፋ የሚዘክረው ሐውልት ቆሟል። ገነተ ልዑል በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ፤ አንበሶቹ ግን እዚያው ቀሩ። ንጉሠ ነገሥቱ በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥታቸውም አንበሳ ነበራቸው፤ የስድስት ኪሎው ግን የሕዝብ ሆነ። የከተማው ልጅ በእሑድ ቀን ከወላጆቹ ጋር ሄዶ አንበሳን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በአብዛኛው እዚህ ነው። ከሌሊቱ ጸጥታ ጋር የአንበሳ ግሣት እየሰማ ያደገ የሰሜን አዲስ አበባ ትውልድ ጥቂት አይደለም።

የግቢው መሥራች አንበሶች ሰባት እንደነበሩ፣ አምስቱ ወንድ ሁለቱ ሴት እንደሆኑና ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እንደተያዙ የግቢው መረጃ ይናገራል። ያ አካባቢ እርጥበት ያለው የደን አገር ነው፤ ስለዚህ ዝናብ ለእነርሱ እንግዳ አልነበረም። እንግዳ የሆነባቸው በዝናብ ጊዜ የሚጠለሉበትን ዛፍ ራሳቸው መምረጥ አለመቻላቸው፣ የሚተኙበትም ወለል ሲሚንቶ መሆኑ ነው። ግቢው የዘመኑን የማቆያ አሠራር ይዞ ነበር የተሠራው፤ በብረት ፍርግርግ የተዘጉ ክፍሎች፣ ተመልካቹ በቅርብ የሚያልፍበት መንገድ። ሃገንቤክ ከአርባ ዓመት በፊት የተወው ቅርጽ አዲስ አበባ ላይ ገና በአዲስነት ይሠራበት ነበር። ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ጉድለት አይደለም፤ በዚያ ጊዜ በብዙ የዓለም ከተሞች አንበሳ የሚኖረው እንዲሁ ነበር። ነገር ግን ከእንጦጦ ሥር ላለ ግቢ የቅርጹ ዋጋ ከፍ ያለ ነው።

እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ላለ አንበሳ ለክረምት መዘጋጀት ማለት በመጀመሪያ ወለልን ማዘጋጀት ነው። ሲሚንቶ ሙቀትን ከገላ በፍጥነት ይስባል፤ ከረጠበም ይብሳል። ወለሉ ውሃ የሚያቁር ከሆነ በየማለዳው የሚደረገው እጥበት ራሱ ጠላት ይሆናል፤ ንጽሕናን ለመጠበቅ የፈሰሰው ውሃ በደመናማ ቀን ሳይደርቅ ይመሽና እንስሳው በእርጥበት ላይ ያድራል። መፍትሔው ወለሉን ተዳፋት ማድረግ፣ ከወለሉ ከፍ ያለ የእንጨት መደብ መሥራት፣ በመደቡ ላይም ጭድ ወይም ድርቆሽ ማንጠፍ ነው። ጭዱ በየጊዜው ካልተለወጠ ሻጋታ ያፈራል፤ ሻጋታው ወደ ሳንባ ሲገባ ከብርዱ የባሰ ጉዳት ያደርሳል። ለረጅም ጊዜ ደረቅ ወለል ላይ የተኛ አንበሳም ቢሆን፣ ወለሉ ጠንካራ ከሆነ ክርኑና ታፋው ይላጣል፤ ቁስሉ በእርጥብ ወራት አይድንም። የበጋው ብርድ ሌላ ሥራ ይጠይቃል። ማታ በተራራው በኩል ያለውን ክፍት ፊት መጋረድ፣ ጠዋት ግን ፀሐይ እንዲገባ ፈጥኖ መክፈት ያስፈልጋል። አንበሳ በቀን ሃያ ሰዓት ያህል የሚያርፍ እንስሳ ነው፤ የማለዳ ፀሐይ የምታርፍበት አንድ ጥግ ለእርሱ ምድጃው ናት።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ የደቦሎቹ ነው። ሴት አንበሳ የምታረግዘው 110 ቀን ያህል ሲሆን፣ በሰው እጅ ሆና ቀለቧ ካልተጓደለ በማንኛውም ወር ልትወልድ ትችላለች፤ ሐምሌ ላይም ይሁን ታኅሣሥ። ደቦል ሲወለድ ዓይኑ የተዘጋ፣ ክብደቱም ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ነው። የገላ ትልቅነት ለአባቱ የሚሰጠው ጥቅም ለእርሱ ገና አልተሰጠውም። በዱር እናቲቱ ጥቅጥቅ ካለ ቁጥቋጦ ወይም ከዓለት ሥር ትሸሽገዋለች፤ ቦታው ከረጠበ ወይም ከተነቃባትም በአፏ አንጠልጥላ ትወስደዋለች። በፍርግርግ ውስጥ የምትሄድበት የላትም። ጨለማ፣ ደረቅና ጠባብ የመውለጃ ጎጆ ካልተሠራላት ደቦሎቿን እየያዘች ስትንቆራጠጥ ታድራለች፤ አልፎ አልፎም ትተዋቸዋለች፤ ራሷ የምትገድልበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ ወንዱንና ሴቷን መቼ ማገናኘት እንደሚገባ መወሰን ለብርድ ከሚደረገው ዝግጅት ዋነኛው ነው።

ቀለብ ከቤት አይለይም። አንድ ትልቅ አንበሳ በቀን ከአምስት እስከ ሰባት ኪሎ ሥጋ ይበላል፤ በብርድ ወራት ሙቀቱን ለመጠበቅ የሚያቃጥለው ስለሚበዛ መጠኑ መጨመር አለበት። ሥጋውም ብቻውን አይበቃም። አጥንት የሌለው ቀይ ሥጋ ካልሲየም ስለሚያንሰው እያደገ ያለ ደቦል አጥንቱ ይለሰልሳል፤ እግሩ ይጎብጣል።  ጉበቱና ሆድ ዕቃው፣ ጅማቱና አጥንቱ አብሮ ሲሰጥ ግን ገላው ይጸናል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ነው። አንበሳን በብርድ አገር ማኖር ከባድ የሚያደርገው በመጨረሻ የቴርሞሜትሩ ንባብ ሳይሆን የሥጋው ሒሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የግቢው ኃላፊዎች በቦታና በገንዘብ እጥረት የተነሣ ደቦሎች ይገደሉ እንደነበር ለዓለም የዜና ወኪሎች መናገራቸው ተዘግቦ ብዙዎችን አስደንግጧል። በዘውድ ላይ የተቀረጸ፣ በሳንቲም ላይ የታተመ እንስሳ ለልጆቹ ማሳደጊያ ማጣቱ አሳዛኝ ነው፤ ዘገባው በመላው ዓለም መነበቡም ያስገረመ አልነበረም።

በእርግጥም የዚህ አንበሳ ምስል በኢትዮጵያዊ ሁሉ ኪስ ውስጥ ገብቷል። ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ በወጡት ሳንቲሞች ላይ የሚታየው ጎፈሩን ያንዠረገገ የአንበሳ ራስ ነው። ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. በ1955 ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ የቀረጸው የአንበሳ ሐውልት በብሔራዊ ቴአትር ፊት ቆሟል። ጀግና የሚለብሰው የአንበሳ ለምድ፣ በግንባሩ የሚያስረው ጎፈር የማዕረግ ምልክት ሆኖ ኖሯል። የስድስት ኪሎ ወንድ አንበሶች ስማቸውን ያተረፉት በዚሁ ጎፈር ነው። ጥቁር ነው፤ ከራስና ከአንገት አልፎ ወደ ደረት ይወርዳል፤ በሆድ ሥርም ይዘልቃል። በምሥራቅ አፍሪካ ሜዳዎች ከሚታዩት አንበሶች ይህ ይለያቸዋል። ለመሆኑ ይህን ጎፈር ያበቀለው የደም ሐረጋቸው ነው ወይስ የእንጦጦ ብርድ?

ብርዱ እጁ እንዳለበት የሚያሳይ ጥሩ ማስረጃ አለ። የቺካጎው የፊልድ ሙዚየም ተመራማሪ ብሩስ ፓተርሰንና ባልደረቦቹ በተለያዩ የአሜሪካ ግዛቶች በ17 ማቆያዎች የሚኖሩ አንበሶችን አወዳድረው እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳተሙት፣ በጎፈር ርዝመትና ጥቅጥቅነት ላይ ከሚታየው ልዩነት እስከ ግማሽ ያህሉ በየአገሩ የአየር ሙቀት ሊገለጽ ይችላል። ብርዳም ከተማ ያለው አንበሳ ጎፈሩ ይረዝማል፤ ሞቃት ከተማ ያለው ይሳሳል። ፔይተን ዌስትና ክሬግ ፓከር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 ከሴሬንጌቲ ባወጡት ጥናት፣ ጥቁር ጎፈር ያለውን ወንድ ሴቶቹ ይበልጥ እንደሚመርጡት፣ እርሱ ግን በሙቀት ይበልጥ እንደሚሠቃይ አሳይተዋል። ሙቀት የጥቁር ጎፈር ዕዳ ከሆነ፣ ብርዳም አገር ያን ዕዳ ያቀልለታል። የሰሜን አፍሪካው የአትላስ ተራሮች አንበሳ በትልቅ ጎፈሩ የተነሣ ለረጅም ጊዜ የተለየ ዝርያ ተደርጎ መቆጠሩም ከዚሁ ጋር ይያያዛል።

ሆኖም ብርዱ ብቻውን ነገሩን አይጨርሰውም። የጀርመንና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ከላይፕዚግ የእንስሳት ማቆያ ጋር ሆነው ከግቢው አንበሶች ከ15ቱ፣ ከስምንት ወንዶችና ከሰባት ሴቶች፣ የዘረ መል ናሙና ወስደው መርምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ውጤት እንደሚለው የአዲስ አበባ አንበሶች በዘረ መል ከተወዳደሯቸው የዱር አንበሶች ሁሉ የተለዩ ናቸው፤ ለብዙ ትውልድ በጥቂት መሥራቾች ላይ ቢራቡም ልዩነታቸው ጠፍቶ አላለቀም። ተመሳሳይ መልክ ያላቸው አንበሶች በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሐረር አቅራቢያ ባለው በባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ እንደሚታዩም ተመልክቷል። ባቢሌ ዝቅ ያለና ሞቃት አገር ነው። እዚያ ጥቁር ጎፈር ከበቀለ፣ የስድስት ኪሎውም የብርድ ሥራ ብቻ ሊሆን አይችልም። ሚዛናዊው ግምት ሁለቱም ድርሻ እንዳላቸው ነው፤ ዘሩ ጥቁሩን ጎፈር ሰጠ፣ የእንጦጦ ሌሊት አበዛው። ጥናቱ አንበሶቹን ከማየት ያለፈ ግዴታ አስከተለ፤ እየተመናመነ ያለን ዘር የያዘ ግቢ በዕቅድ ማራባትና ማኖር ይጠበቅበታልና።

ከዚያ ወዲህ የአንበሳ አያያዝ በደጋው ላይ እየተለወጠ መጥቷል። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ሆለታ አጠገብ ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት ባቋቋመው እንሰሳ ኮቴ የተባለ ማዕከል፣ ከግለሰብ እጅና ከሕገ ወጥ ንግድ የተያዙ አንበሶች ሣርና ዛፍ ባለው ሰፊ አጥር ውስጥ ይኖራሉ። ከመካከላቸው ዶሎ የተባለው ከሶማሌ ድንበር ቆላ የመጣ፣ ለዓመታት በአጭር ሰንሰለት ታስሮ የኖረ ወንድ አንበሳ ነበር። ሆለታም እንደ አዲስ አበባ ደጋ ነው፤ ብርዱም ያው ብርድ ነው። ልዩነቱ እንስሳው ዝናብ ሲመጣ የሚገባበት፣ ፀሐይ ሲወጣ የሚወጣበት፣ ነፋስ ሲነፍስ የሚሸሸግበት ቦታ ማግኘቱ ነው። በመስከረም 2012 ዓ.ም. በምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ የተከፈተው አንድነት ፓርክም ጥቁር ጎፈር አንበሶችን ከአሮጌው የፍርግርግ ክፍል በሰፋ ማኖሪያ አስቀምጧል።

ከእንጦጦ ሥር አንበሳ ለማኖር ምድጃ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የሚደርቅ ወለል፣ ከፍ ያለ የእንጨት መደብ፣ ከተራራው የሚወርደውን የሌሊት አየር የሚመልስ ግድግዳ፣ የማለዳ ፀሐይ የሚያስገባ ፊት፣ ለደቦል የሚሆን ጨለማ ጎጆና ከሰኔ በፊት የሚጨመር ቀለብ ነው። እነዚህን ማሟላት ለማይችል ግቢ አንበሳ መስጠት ተገቢ አይደለም፤ ማሟላት የሚችለውም የክረምቱን ቀለብና ጭድ በግንቦት ውስጥ ሊያስገባ ይገባል።